ከፓይተን የተነሱት 19 ሞጁሎች፦ ጥያቄና መልስ

በፒኢፒ 594 (የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር 594) ውሳኔ 19 የቆዩ ሞጁሎች (ዝግጁ የኮድ ክፍሎች) ከፓይተን 3.13 መደበኛ ላይብረሪ፣ ማለትም ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጋር አብሮ ከሚመጣው ስብስብ፣ ወጥተዋል። ቨርዥን የቀየረ ሁሉ ተመሳሳይ የኢምፖርት ኤረር እያየ ነውና ጥያቄያችሁን እዚሁ ጣሉ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የሚሠራ ኮድ ለምን ይነሳል? ማንን አስቸገረ?

የሚያስቸግረውማ ፓይተንን የሚጠብቁትን ሰዎች ነው። ኤንኤንቲፒሊብን ውሰድ፤ የድሮውን የዩዝኔት (የኢንተርኔት የውይይት መድረክ) ፕሮቶኮል የሚያናግር ሞጁል ነበር። ፓይተን ውስጥ ያለው የክላይንቱ ወገን ብቻ ስለሆነ ቴስቱ የሚሮጠው ውጭ ካሉ ሰርቨሮች ጋር እየተገናኘ ነው። ሰርቨሩ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ ቴስቱ ይወድቃል፤ ሞጁሉን ነክቶት የማያውቅ ሰው ስህተት ሲፈልግ ይውላል። የድምፅ ዳታ የሚያቀናብረው ኦዲዮኦፕ ደግሞ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የሜሞሪ ስህተት ቢገኝበት ማን ይጠግነዋል? ተጠቃሚው ግን «ከፓይተን ጋር የመጣ ነው» ብሎ ሳይመረምር ያምነዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ቀድመው ቢያስጠነቅቁን ምን ነበረበት?

አስጠንቅቀዋል። ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2019፣ የጸደቀው በ2022 ነው። ከ3.11 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የወጡት በ2024 ከ3.13 ጋር ነው። ቅሬታህ ግን እውነት አለው፤ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ («ይህ ሊወጣ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ) ላይብረሪ ውስጥ ሲነሳ ፓይተን ካልነገሩት በቀር አያሳይም። ቴስት የሚያስሮጠው ፓይቴስት ግን ሳትጠይቀው ያሳይሃል። ቴስት የሌለው ፕሮጀክት ነው ሳያውቅ እዚህ የደረሰው።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን የማመልከቻ ፎርም የዌብ ፎርም መረጃ በሚቀበለው በሲጂአይ ሞጁል ነው የተሠራው። ፋይልም ይሰቀልበታል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከሞጁሉ ምን ምን እንደምትጠቀሚ እዪ። ኩዌሪ ስትሪንግ (በዌብ አድራሻው ከ«?» ቀጥሎ ያለውን) ለማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፓይተን ጋር የሚመጣው ዩአርኤልሊብ ይበቃሽ ነበር። ፋይል ስላለበት ግን ፊልድስቶሬጅን (ፎርሙንና ፋይሉን የሚያነበውን የሞጁሉን ክፍል) የሚተካ «መልቲፓርት» የሚባል ጥቅል ፒፒአይ ላይ (የፓይተን ጥቅሎች ማከማቻ) አለ። ጊዜ ካጠረሽ «ሌጋሲ ሲጂአይ» የሚባለውን ጫኚ፤ የኢምፖርት መስመርሽ እንኳ አይቀየርም። ያ ግን ብድር ማራዘም ነው፤ መክፈሉ አይቀርም። በ3.12 መቆየትም ይቻላል፣ የደኅንነት ጥገናው እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ ነው።

ጥያቄ፦ የድምፅ ፋይል የሚያነበውና የሚጽፈው ዌቭም ወጣ እንዴ?

አልወጣም። ኮምፒውተርን ድምፅ ማሰማት ልጆችን ለማስተማር ጥሩ መልመጃ ነው ተብሎ እንዲቆይ ተደርጓል። ደስ የሚል ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የተጠቃሚዎቼ ፓስወርድ ከወጡት አንዱ በሆነው በክሪፕት ሞጁል ሃሽ የተደረገ (ወደማይነበብ ኮድ የተቀየረ) ነው። ሁሉንም ሪሴት ላስደርግ?

አያስፈልግም። አዲሱን የሃሽ ዘዴ ቢክሪፕት ወይም አርጎን2 አድርገው። የድሮው ሃሽ ወደ ፓስወርድ ስለማይመለስ ሰውየው ሎግኢን እስኪያደርግ ጠብቅ፤ በድሮው መንገድ አረጋግጥና ያኔ ያስገባውን ፓስወርድ በአዲሱ ሃሽ አድርገህ አስቀምጥ። የድሮውን ለማረጋገጥ ሊኑክስ ላይ «ክሪፕት አር» የሚባል ጥቅል አለ። ብዙ ሰው ፓስሊብን (የፓስወርድ ሃሽ ላይብረሪ) ይጠቁማል፤ ዋናው ፓስሊብ ከ2020 ወዲህ አዲስ ሪሊዝ አላወጣም። ከአንዱ ተጠሪ የለሽ ወደ ሌላው አትሂድ።

ጥያቄ፦ እኔም ከፕሮጀክቴ አንድ ማንም የማይነካው ሞጁል ማንሳት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ማስጠንቀቂያው ራሱ መልስ ይያዝ፤ በየትኛው ቨርዥን እንደሚወጣና ምን እንደሚተካው እዚያው ጻፍ። «ስታክሌቭል» የሚባለውን (ማስጠንቀቂያው የትኛውን መስመር እንደሚጠቁም የሚወስነውን ቁጥር) 2 አድርገው፣ አለዚያ ማስጠንቀቂያው የሚጠቁመው የአንተን ፋይል እንጂ የጠሪውን መስመር አይደለም። ከዚያ ሁለት ሪሊዝ ታገሥ። ኮዱን ልጠብቅ የሚል ሰው ከመጣ ለብቻው ጥቅል አድርጎ እንዲወስደው ፍቀድለት፤ ሌጋሲ ሲጂአይ የተወለደው እንዲያ ነው። ካነሳህ በኋላ ጩኸቱ ከጠበቅከው በላይ ከሆነ መመለስም ነውር የለውም። 3.13 ገና እየተሠራ ሳለ ሎጊንግ (የፕሮግራም ክንውን የሚመዘግበው ሞጁል) ውስጥ ያለው «ዋርን» የሚባል ትእዛዝ ተነስቶ ነበር፤ ብዙ ኮድ ሲሰበር መልሰውታል።