ፈዚ ሎጂክና ከስንት አንድ የሚገኙ በሽታዎች፦ ማኪያቶዬ እስኪያልቅ ጠይቁኝ

ጋሼ ፈዚ፦ ፒያሳ ቁጭ ብያለሁ፣ ጀምሩ።

አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ፈዚ ሎጂክ ምንድን ነው?

ጋሼ ፈዚ፦ አለ ወይ የለም ብሎ ከመቁረጥ፣ ምን ያህል ይገጥማል ብሎ ከ0 እስከ 1 መስጠት። ዛዴህ የሚባል ምሁር፣ በርክሌይ፣ በፈረንጆች 1965። ሌላውን ጎግል አርገው። ቀጣይ።

ነርሷ፦ ታካሚው «ደከም ደከም ይለኛል» ሲለኝ ፎርሙ ላይ ያለው ድካም አለ ወይ የለም ብቻ ነው፣ ምን ልሙላ?

ጋሼ ፈዚ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! አማርኛችን ራሱ ፈዚ ነው እኮ፣ «ቢጫ ነው» ሌላ «ቢጫ ቢጫ ይላል» ሌላ፣ ፎርሙ ግን ይቆርጠዋል። የዊልሰን በሽታን ውሰጂ፣ መዳብ ጉበትና ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀምበትን፣ ዓይኑ ቢጫ ቢጫ ሲል ጉበት ሐኪም ጋ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ነርቭ ሐኪም ጋ፣ ጠባዩ ሲለወጥ ጸበል፣ ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ ነው የሚታየው። ላብራቶሪው ሴሩሎፕላዝሚን (ደም ውስጥ መዳብ የሚሸከመው ፕሮቲን) በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ ነው ይላል፣ ታዲያ 21 የመጣለት ልጅ ይሸኝ? «ዝቅተኛ» ለሚለው 10 ላይ 1፣ 25 ላይ 0፣ መሃሉን ቀስ እያልሽ ብትቀንሺ (ለምሳሌ ነው ኮፒ እንዳታረጉት) 19 የመጣለት 0.4፣ 21 የመጣለት ወደ 0.27 ያገኛል፣ ቀነሰ እንጂ አልተባረረም። ኢንፍላሜሽን (የሰውነት መቆጣት) ካለ ደሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይሸውዳል። እና 0.4 ማለት 40 ፐርሰንት ታሟል ማለት አይደለም!! «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ምን ያህል ይገጥመዋል ነው።

ሳሚ፦ ስለዚህ 40 ፐርሰንት ዊልሰን አለበት?

ጋሼ ፈዚ፦ ከላይ አንብብ።

አራት ኪሎ፦ ብርቅዬ በሽታ የሚባለው ስንት ሰው ሲይዝ ነው?

ጋሼ ፈዚ፦ አውሮፓ ከ2,000 ሰው ከ1 ካልበለጠ።

ሳሚ፦ ብርቅዬማ ዋልያ ነው፣ በሽታ ብርቅዬ ይባላል እንዴ 😂

ነርሷ፦ ቀይ ቀበሮን ረሳህ

አራት ኪሎ፦ መዝገበ ቃላት እዩ፣ ብርቅዬ ማለት በቀላሉ የማይገኝ ነው

ጋሼ ፈዚ፦ ዋልያውን ስሜን ተራራ ላይ ተዉትና ወደ ጥያቄው!

ኮደሩ፦ በሽታ የሚጠቁም አፕ እየሰራሁ ነው፣ በየህጉ ምልክቶቹን በ«እና» አያይዤ ሚኒመም (ትንሹን ቁጥር) ወሰድኩ፣ ዊልሰን ሁሌ ዜሮ ይወጣል።

ጋሼ ፈዚ፦ ያልታዘዘውን ምርመራ ዜሮ ብለህ ሞልተሃላ! ሚኒመም ትንሹን ነው የሚያነሳው፣ ዓይን ሐኪም ስላላየው ብቻ የካይዘር ፍላይሸር ቀለበት (ዓይን ላይ መዳብ የሚሰራው ቀለበት) 0 ከገባ ህጉ በሙሉ ሞተ። ያልታየ የለም ማለት አይደለም፣ ስንቴ ልበል። ባዶ ተወውና ፕሮግራሙ ቀጥሎ ምን ይታይ ብሎ ይጠይቅ። ደሞ ሁሉን በ«እና» አትጠፍር፣ ቪየና ካዲያግ 2 የሚባለውን በሽታ ለመለየት የሚያግዝ ፕሮግራም የሰሩት ምልክቱ በበሽታው ምን ያህል ያዘወትራል እና ምን ያህል ያረጋግጣል የሚሉትን ለየብቻ ነው ያስቀመጡት።

ቤዚ፦ የወንድሜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የኮደሩ አፕ በሽታውን ይነግረኛል?

ጋሼ ፈዚ፦ አይነግርሽም የኔ እህት። ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ነገውኑ።

ሳሚ፦ ቻትጂፒቲ አይሻልም?

ጋሼ ፈዚ፦ ሌላ ቀን።

ኮደሩ፦ ባዶ አረኩት፣ «በስሊት ላምፕ (የዓይን ሐኪም ማጉያ መሣሪያ) ይታይ» አለኝ!

ጋሼ ፈዚ፦ በል እሱን ለሐኪሙ አሳየው። ማኪያቶው አልቋል።