«ኮንትራት ነህ» ስላለህ መብትህ አይቀርም

ሠራተኛ ነህ፤ የዓመት ፈቃድ አለህ። ቡሬ ላይ ዓመት ከአራት ወር የሰው ላም ስታልብ ቆይተህ፣ ባለቤቱ «አንተ ኮንትራት ነህ፣ ፈቃድ አይገባህም» ስላለህ ብቻ ይህ አይለወጥም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያየው በማን አመራር እንደምትሠራ ነው። የማለቢያውን ሰዓት የሚወስነው ባለቤቱ፣ መኖው የእሱ፣ ደመወዝህ በወር። ላም ታመመች ሲባል ተጠርቶ፣ በራሱ መሣሪያ አክሞ ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄደው የግል የእንስሳት ሐኪም ግን ሌላ ነው፤ እሱ የራሱን ሥራ የሚሠራ እንጂ ተቀጣሪ አይደለም።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩም አያስፈራህ፤ የቃል ውልም ውል ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ ደብረ ማርቆስ ከብት ሳደልብ ያልተከፈለኝን ደመወዝ «ነገ፣ ነገ» ሲሉኝ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በሕግ መጠየቅ አይቻልም፤ ገንዘቤ በዚያው ቀረ። አንተ የሠራህበትንና የተከፈለህን ቀን ከዛሬ ጀምረህ ደብተር ላይ ጻፍ።