ኖሪኮ የት ጠፋች?

ጥያቄ፦ «የቶኪዮ ታሪክ» የሚለውን የድሮ የጃፓን ፊልም ሰሞኑን አየሁት። ባሏ የሞተባትን ምራት፣ ኖሪኮን ሆና የተጫወተችው ሴት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ስሟን ሳፈላልግ በ1963 ከሲኒማ ድንገት ጠፋች ይላል። ዳይሬክተሩን ትወደው ስለነበር እሱ ሲሞት ተወችው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ወሬ እኔም በልጅነቴ አምኜው ነበር። ደግሞስ ማን አያምን! ሰትሱኮ ሃራ አላገባችም። ዳይሬክተሩ ያሱጂሮ ኦዙም ከእናቱ ጋር የኖረ ወንደላጤ ነው። በዲሴምበር 1963፣ ልክ 60 ዓመት በሞላው ቀን አረፈ። መቃብሩ ቶኪዮ አቅራቢያ ባለችው ካማኩራ ከተማ ነው፤ ድንጋዩ ላይ «ምንም» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ፊደል ብቻ ተቀርጿል። እሷም እዚያው ካማኩራ ገብታ በሯን ዘጋች። ሰው ይህን ገጣጥሞ ፍቅር ቢያደርገው አይፈረድበትም።

ግን ማስረጃ የለውም። እሷ ራሷ ያለችው ሌላ ነው፦ ትወናን ወድጄው አላውቅም፣ የገባሁበት ብዙ የሆነውን ቤተሰቤን ለመርዳት ነው። አድናቂዎቿ በዚህ ክፉኛ ተቀየሙ።

እኔ እሷን አምናለሁ። ትክክለኛ ስሟ ማሳኤ አይዳ ነው፤ በ1920 ዮኮሃማ ተወለደች። በ15 ዓመቷ ኒካትሱ ስቱዲዮ ስትገባ መንገዱን ያሳያት የእህቷ ባል፣ ዳይሬክተር ሂሳቶራ ኩማጋይ ነው። በ1937 ከጀርመኖች ጋር በተሠራ ፊልም ላይ፣ ራሷን እሳተ ገሞራ ውስጥ ልትጥል ተራራ የምትወጣ ልጃገረድ ሆና ታየች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ጋር ሠራች። ከ1949 እስከ 1961 ደግሞ ከኦዙ ጋር ስድስት ፊልም። በሦስቱ ስሟ ኖሪኮ ነው፤ ሦስቱም ግን የተለያዩ ሴቶች ናቸው፣ እንዳይምታታብዎት።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይከነክነኛል። በ1953 ካሜራማን የነበረው ወንድሟ ፊልም እየቀረጹ ሳለ፣ ዓይኗ እያየ ባቡር ገጨውና ሞተ። እርስዎ ያዩት ፊልም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። መጨረሻው አካባቢ የባሏ ታናሽ እህት ኑሮ ያስጠላል አይደል ብላ ስትጠይቃት፣ ኖሪኮ ፈገግ ብላ አዎ ትላለች። አንዳንዶች ያን ፈገግታ ጨዋነት ይሉታል። እኔ እንጃ።

ካቆመች በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ቃለ መጠይቅም ፎቶም እምቢ እንዳለች ኖረች። በሴፕቴምበር 2015 በ95 ዓመቷ ስታርፍ እንኳ፣ ዓለም የሰማው ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ቀጥለው የ1949ኙን «የፀደይ መገባደጃ» ይዩ። ሃራ የምትጫወታት ልጅ ተድራ ከሄደች በኋላ አባትየው ብቻውን ቁጭ ብሎ ፖም ይልጣል። እዚያ ትዕይንት ላይ ሃራ የለችም፤ እኔ ግን ሁሌ እሷን ነው የማየው።