የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ሰሞኑን የቱን አልበም እየሰማችሁ ነው?

ባለፈው ዕትም "ሰሞኑን ከዳር እስከ ዳር የሰማችሁት አልበም የቱ ነው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። አልበም ነው ያልኩት እኮ፣ ግማሹ ሰው ግን ነጠላ ዘፈን ነው የላከልኝ፣ ይሁን ግዴለም። ከባሕር ዳር፣ ከማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከቻግኒ ከመጡት ውስጥ ጥያቄ ያለባቸውን መርጬ ነው የመለስኩት፣ የረዘመውን ስለቆረጥኩ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)፦ ጋሼ ሰላም ነህ? እኔ ሰሞኑን ማታ ሳጠና የእማሆይ ጽጌማርያምን ፒያኖ ነው የምሰማው፣ ዶርም ያሉት ጓደኞቼ ግን "ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ምኑ ይሰማል" እያሉ ይስቁብኛል። ከሳቸው ቀጥሎ ምን ልስማ?

መልስ፦ ይሳቁ ተዋቸው። እማሆይን ብዙው ሰው ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸው ኢትዮፒክስ በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ 21ኛው ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ነው እንጂ የመጀመሪያ ሸክላቸው የታተመው ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ነው። ኢየሩሳሌም ባለው የኛ ገዳም ለብዙ ዓመት ኖረው መጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው አረፉ። ለጓደኞችህ መድኃኒት ደሞ አለ፣ ራሳቸው ፒያኖ እየመቱ የሚዘፍኑበት፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው በካሴት የቀዱት ስራ እ.ኤ.አ. በ2024 በአልበም ወጥቷል፣ ዘፋኝ ፈለጋችሁ አይደል እንካችሁ በላቸው። ከዛ ወደ ኃይሉ መርጊያ ሂድ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን የቀዳው አልበም አለ። ሰውዬው ከዛ በኋላ ታክሲ እየነዳ ስንት ዓመት ኖረ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር፣ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ዞሮ የፈለገው። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮፒክስ 4ኛው ቅጽ ሳትሰማው አትቀርም ብዬ ነው ያልጠቀስኩልህ።

ጥያቄ (ከቻግኒ)፦ ጂጂ የኛ ልጅ ናት እያልን እንፎክራለን፣ ሙሉ አልበሟን የሰማ ሰው ብትፈልግ ግን አታገኝም፣ እኔም ገና ሰሞኑን ነው የጀመርኩት። የአሜሪካ ትላልቅ የጃዝ ሰዎች አብረዋት ተጫውተዋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? ቀጥሎስ የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወሬ አይደለም እህቴ፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ ስሟን ብቻ ርዕስ ያደረገው አልበም ላይ ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፣ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውበታል፣ እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው በጃዝ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ምዕራፍ ያላቸው ናቸው። እኔን የገረመኝ ግን ስማቸው አይደለም፣ ትሕትናቸው ነው፣ አንዳቸውም እዩኝ እዩኝ ሳይሉ ድምጿን አስቀድመው ከኋላ ከኋላ ነው የሚሄዱት፣ አንዳንዴ ሳክስፎኑ መግባቱንም ሳታውቂው ነው ገብቶ የሚወጣው።

አሁን ቻግኒ ላለ ሰው አንድ ነገር ልንገርሽ። 12 ዘፈን ነው ያለው፣ በቅደም ተከተሉ ስሚው፣ እባክሽ አታዘባርቂው። መሀል ላይ ስትደርሺ 6ኛው "አባይ"፣ 7ኛው "ባለ ዋሽንቱ"፣ 8ኛው "ካህን" ነው። ወንዙ፣ እረኛው፣ ቄሱ! ጎጃም በሶስት ዘፈን ተሰልፎልሽ ማለት ነው፣ ታስቦበት ይሁን በአጋጣሚ ጉዳዬ አይደለም እኔ እንደዛ ነው የምሰማው። ልጅ ሆና ቤታቸው ይመጣ ከነበረ ቄስ የቤተክርስቲያን ዜማ መማሯን ደሞ አስታውሺና ድምጿን እንዴት እንደምታጥፈው አዳምጪ፣ የምሽት ክበብ ብቻ ያሳደገው ጉሮሮ እንደዛ አይታጠፍም። መዝጊያው "ዓድዋ" ነው። እሱን የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ተቆርጦ ስለሚላክ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ከ11 ዘፈን በኋላ ሲመጣ ሌላ ዘፈን ነው የሚሆነው፣ ሞክሪውና ጻፊልኝ።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2003 አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የቡድን ስም የሰራችውን "ዛየን ሩትስ" ውሰጂ፣ እሱ ወደ ሀገር ቤቱ መሳሪያ የቀረበ ነው፣ ለእናትሽም ብትከፍችላት አትቆጣም። በዛው ዓመት ላስዌል የ2001ዱን አልበም ፈታቶ በደብ፣ ማለትም ድምፁን እየቀነሰና እያስተጋባ፣ እንደ አዲስ ያወጣው አለ፣ ድምጿ ብልጭ ጥፍት ነው የሚለው፣ ለጀማሪ አልመክርም፣ ሌሊት ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ "ጎልድ ኤንድ ዋክስ" ሸጋ ነው ግን እኔ ከመጀመሪያው አላስበልጠውም፣ ኤሌክትሮኒኩ በዛብኝ። ላስዌልን ከወደድሽው ደሞ የሮክ ቡድኑን የጃኖ ባንድን "ኤርታሌ" ያዘጋጀው እሱ ነው፣ ጊታር ከቻልሽ በዪ።

ጥያቄ (ሾፌር፣ ከቡሬ)፦ እኔ እንኳ አልበም ምናምን አላውቅም ፍላሼ ላይ የሌለ ዘፈን የለም፣ ረዳቴ ግማሽ ሳይደርስ ይቀይረዋል ተሳፋሪውም ቀይር ይላል። ከአንድ እስከ አስር መስማት የድሮ ሰው ነገር አይደለም ወይ?

መልስ፦ የሚገርምህ የድሮ ሰውም አልበም አልነበረውም። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ሸክላ ሲያሳትም አብዛኛው ትንሿ ባለ 45 ዙር ነበረች፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በቃ። ትልቁ ሸክላ ጥቂት ነው፣ ካይፋ የሚባለው አሳታሚ በ1975 ያወጣው የማሕሙድ አሕመድ "እሬ መላ መላ" አንዱ ነው። አልበምን ለሕዝቡ ያመጣው ካሴት ነው፣ በደርግ ጊዜ። ካሴት ደሞ እንደ ፍላሽ አይዘለልም፣ የማትወደውን ለማለፍ ስታጠነጥን ከምትውል ሰምተኸው ታልፋለህ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ያ የጠላኸው 7ኛ ዘፈን ይሆናል የምታንጎራጉረው። ረዳትህ የሚያደርገው ድግስ ቤት ገብቶ ከየሳህኑ አንዳንድ ጉርሻ እየነጠቀ እንደመውጣት ነው። ለማንኛውም መፍትሔው ቀላል ነው፣ አንዱን አልበም ለብቻው ፎልደር ውስጥ አድርግ፣ ከፋይሎቹ ስም ፊት 01፣ 02፣ 03 እያልክ ጻፍበት፣ ብዙው የመኪና ቴፕ በስም ቅደም ተከተል ስለሚሄድ አይዘባረቅብህም። ከቡሬ ተነስተህ ዳንግላ ሳትደርስ አንድ አልበም ያልቃል። ተሳፋሪ ከጮኸ ቀይርለት፣ እሱ ነው የከፈለው።

ጥያቄ (መምህር፣ ከሞጣ)፦ የቴዲ አፍሮን "ኢትዮጵያ" አሁንም አልለቀቅሁትም። ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ወጥቷል ስል ተማሪዎቼ ያጋነንኩ ይመስላቸዋል።

መልስ፦ አላጋነኑም መምህር፣ ግን አንዲት ቃል ጨምሩበት። ግንቦት 2009 አንደኛ የወጣው ወርልድ አልበምስ በሚባለው ሰንጠረዥ ነው፣ ትልቁ፣ ቢልቦርድ 200 የሚባለው ሌላ ነው። እንዲህ አድርገው ከነገሯቸው ማንም አይከራከርዎትም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ አባቴ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትተውልን ነው ያረፉት፣ የሙሉቀን መለሰም አለበት፣ ሰሞኑን እሱን ነው የምሰማው፣ ግን ቴፓችን አንዱን በላብኝና ደንግጬ አቆምኩ። ወደ ስልክ እንዴት ልገልብጠው?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ሙሉቀን ደሞ የጎጃም ልጅ ነው፣ ኋላ ዓለማዊውን ትቶ ወደ መዝሙር የሄደው፣ ሚያዝያ 2016 አሜሪካ ነው ያረፈው፣ ስለዚህ ካርቶኑን እንደ ንብረት ያዘው።

ያ ቴፕ ካሴት ከበላ ሌላ አትስጠው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ቺንጊያ ወይ የቆሸሸች ጎማ ነው፣ ቴፕ ጠጋኝ ጋ ውሰደው፣ ክሩን የሚያነበውን ሄድና ጎማዋን ራስህ ጥጥ አልኮል አስነክተህ መጥረግ ትችላለህ፣ ሳይደርቅ ግን ካሴት አታስገባ። የተበላውን ክር በእስክሪብቶ ቀስ ብለህ አጠንጥን፣ የተጨማደደው ቦታ ድምፁ ይዋዥቃል እንጂ አይጠፋም። ማንኛውንም ካሴት ከመቅዳትህ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው፣ ዓመታት ስለተቀመጠ ክሩ ይላቀቃል። ደሞ ከላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ ስበራቸው፣ አለዚያ ልጅ ሪከርድ ተጭኖ ሙሉቀን ላይ ሊጮህበት ይችላል።

ከዛ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ በገመድ አገናኝ። አብዛኛው ላፕቶፕ የማይክ መግቢያ ብቻ ስላለው ግራና ቀኙን አንድ ያደርገዋል፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ማስገቢያ ብታገኝ ይሻላል። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነው፣ ነፃ ነው። ድምፁን ቀይ እስኪነካ አትክፈተው፣ አንዴ ከተሰነጠቀ አይጠገንም። መጀመሪያ ድምፁን በማይጨምቀው በዌቭ ቅዳው፣ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት ይወስዳል፣ እሱን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጥና ለስልክህ ኤምፒስሪ አውጣ፣ በ320 ኪሎቢት 150 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ሽሽታውን ላጥፋ ብለህ የፕሮግራሙን የድምፅ ማጽጃ እስከ ጥግ እንዳትጎትተው፣ አብሮ የሚጠፋው የዋሽንቱ ትንፋሽና የመሲንቆው ፍትጊያ ነው። በዘፈን በዘፈን ከመቆራረጥህ በፊት ሳይድ ኤና ሳይድ ቢን እንዳሉ ሙሉውን አስቀርልኝ። የካሴቱን ሽፋንም በስልክ ፎቶ አንሳው፣ አቀናባሪውና ባንዱ ብዙ ጊዜ ያሉት እሱ ላይ ብቻ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑት ሰዎች አይጽፉትም።

ለሚቀጥለው ዕትም፦ ስትገዙት ወይ ስታወርዱት ጠልታችሁት በኋላ ግን የወደዳችሁት አልበም የቱ ነው? አልበም ነው ያልኩት ደሞ።