ለካንቶን ፌር «ፓጆ ልውረድ ወይስ ሺንጋንግዶንግ?» ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ጫማ ልታመጣ ነው። ቻይና ጓንጁ ከተማ ለሚካሄደው ትልቅ የንግድ ትርኢት፣ ለኦክቶበሩ ካንቶን ፌር፣ ስትሄድ የመጀመሪያህ ነው። ሻውቤይ በሚባለው የጓንጁ ሰፈር ሆቴል ይዘሃል፤ በየትኛው የሜትሮ ጣቢያ እንደምትወርድ ግራ ገብቶሃል። ከስር የመለሱልህንም አነበብኩ። ግማሹ ፓጆ ይላል፣ ግማሹ ሺንጋንግዶንግ። ሁሉም ራሱ የወረደበትን ነው የሚነግርህ። ስለ ቪዛውና ስለ ምንዛሬው ሌሎች በቂ ብለውሃል፤ እኔ ወደ ባቡሩ ልግባ።

1. ከጣቢያው በፊት ዕቃህ የትኛው ክፍል እንደሚታይ እወቅ። ቦታው አንድ አዳራሽ እንዳይመስልህ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ዲ በ2023 የተጨመረ ነው። የማሳያው ስፋት 1.55 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች መስመር 8 ላይ ጎን ለጎን ያሉ ናቸው። ለኤ ክፍል ሺንጋንግዶንግ ትወርዳለህ። ለቢ እና ለሲ ፓጆ። ዲ ከኤ በስተምዕራብ ስለሆነ እሱም ለሺንጋንግዶንግ ይቀርባል። «አንድ ፌርማታ ነው፣ በእግሬ እሄዳለሁ» እንዳትል። መሄዱስ ይቻላል፤ ግን ጉልበትህን መንገድ ላይ ጨርሰህ ነው ቡዝ (የሻጮቹን ማሳያ ቦታ) ማየት የምትጀምረው። የአዳራሽ ቁጥሩን ከፌሩ ድረ ገጽ ላይ አውጣና ስልክህ ላይ ያዝ።

2. ዙሩን አጣራ። ፌሩ በሦስት ዙር ነው የሚካሄደው። በኦክቶበሩ የመጀመሪያው ከ15 እስከ 19 ነው፤ ኤሌክትሮኒክስና ማሽነሪ። ሁለተኛው ከ23 እስከ 27፤ የቤት ዕቃ፣ ፈርኒቸር፣ የግንባታ ዕቃ። ጫማ፣ ቦርሳና ልብስ ሦስተኛው ላይ ነው፤ ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 4። በየዙሩ መሀል አዳራሹ ይራገፍና በሌላ ዕቃ ይሞላል። ስለዚህ ማሽን ሊገዛ የሄደ ጓደኛህ የነገረህ ጣቢያ ላንተ ላይሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው በዚህ ጉዳይ ስለተቃጠልኩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፓኬጅ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ስሙን አላነሳም። ቲኬት፣ ሆቴል፣ አስተርጓሚ፣ አመላላሽ መኪና፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። «ሆቴሉ ሜትሮው በር ላይ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ አፍንጫችሁ ስር ነው» አለን። እኔ፣ የሱቅ ጎረቤቴና እህቱ አምነን ከፈልን። ስንደርስ ሆቴሉ እውነትም ሜትሮ አጠገብ ነው። ግን ከከተማው ዳር ነው። ፌሩ ጋ ለመድረስ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስትቀያይር ትውላለህ።

መኪናውስ? ጠዋት ሁሉም ሰው ቁርሱን እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ ትራፊኩ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ፓጆ በኩል አውርዶን ሄደ። የምንፈልጋቸው ቡዞች ያሉት ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። አስተርጓሚ የተባለው ልጅ ቦታውን ከእኛ እኩል ነው የሚያየው። በዊቻት ለወራት ስንጻጻፍ ከቆየነው ፋብሪካ ጋር ጠዋት ቀጠሮ ነበረን። እያለከለክን ስንደርስ ሰውዬው ከሌላ ገዢ ጋር ቁጭ ብሏል። ያንን ዋጋ ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። ለመርካቶ ነጋዴ በአንድ ጥንድ ላይ ትንሽ ልዩነት ኮንቴነር ሲሞላ ምን እንደሚያህል አንተም ታውቀዋለህ።

ለሻጩ ደወልኩ። «ሜትሮ አለው አልኩ፣ አለው። ሌላ ምን ልሁንልህ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዶላሬን ሲቀበል «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። እኛ የሰው ገንዘብ ተበድረን ነው የሄድነው።

በማግስቱ መኪናውን ተውኩት። የሜትሮውን ካርታ ይዤ ቁጭ አልኩና መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ አጠናሁት። አሁን ከሰፈራችን ለፌሩ አዲስ የሚሄድ ሰው ከማንም በፊት ለእኔ ነው የሚደውለው። በዚህ እኮራለሁ።

አንተ ሻውቤይ መያዝህ ጥሩ ነው፤ አትቀይረው። የሐበሻ ምግብ አለ፣ ዕቃ የሚጭኑልህ ካርጎዎቹም እዚያው ናቸው። ፌሩ አጠገብ ያሉ ሆቴሎች በዚያ ሰሞን ዋጋቸው አይቀመስም። ነባር ነጋዴዎች «ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካረፍክ ፌሩ እዚያው ነው» ካሉህ ድሮ ልክ ነበሩ። ፌሩ ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው። ሊውኋ የሚባለው የቀድሞው አዳራሽ እዚያው ሰፈር ነበር። ከ2008 ወዲህ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ፓጆ ሄዷል፤ ወንዙን ተሻግረህ ማለት ነው።

ከሻውቤይ መስመር 5ን ትይዛለህ። ስልክህ ብዙ ጊዜ «ዡጂያንግ ኒው ታውን ላይ ወደ መስመር 3 ቀይር፣ ከጹን ላይ ወደ 8 ቀይር» ይልሃል። ካርታ ላይ አጭር ነው። ጠዋት ግን መስመር 3 ላይ እግር ማሳረፊያ የለም። ሳምፕል የያዘ ቦርሳ ይዘህ አትሞክረው። እኔ መስመር 5ን እስከ ቸቤይናን አልለቅም። እዚያ ወደ መስመር 4 እቀይርና በአንድ ፌርማታ ዋንሸንግዌይ እደርሳለሁ። ዋንሸንግዌይ የመስመር 8 መነሻ ስለሆነ ባቡሩ ባዶውን ይመጣል፤ ተቀምጠህ ትሄዳለህ። ቀጣዩ ፓጆ ነው፣ ከዚያ ሺንጋንግዶንግ። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክቡ መስመር 11 ተከፍቷል፤ ፓጆ ላይ ይቆማል። ፓጆ ከሆነ መድረሻህ፣ ከመስመር 5 ዩዋንጹን ላይ ወርደህ 11ን ያዝ።

ዋጋው ከ2 ዩዋን ይጀምራል፣ አያሳስብህም። ቲኬትህ የሆነችውን ክብ ፕላስቲክ ቶከን ስትገባ ታስነካለህ፣ ስትወጣ ማሽኑ ውስጥ ትከታለህ። እንዳትጥላት። በየጣቢያው መግቢያ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ለእሱም ጊዜ ተው።

3. የማታው መመለሻ። ፌሩ 12 ሰዓት ላይ በእኛ አቆጣጠር ይዘጋል። ያኔ ሁሉም ሰው በአንዴ ነው ወደ ሜትሮው የሚፈሰው። ሠራተኞቹ በብረት አጥር አዙረው በየተራ ያስገባሉ። ውጭ ቆመው «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚሉህን አትስማ፤ ቆጣሪ አያበሩም። ወይ 10 ሰዓት ላይ ውጣ፣ ወይ እዚያው ቆይተህ ሰዉ ሲቀንስ ሂድ። ካታሎግ አትሰብስብ፣ በስልክህ አንሳው፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ ወረቀት ተሸክሞ መቆም አይቻልም። የፌሩ መግቢያ ባጅህን ለማንም «ላንዳፍታ» ብሎ ለጠየቀህ አትስጥ። ለሚቀጥለው ፌርም የምትገባው በእሱ ነው።

የአዳራሽ ቁጥርህን ስታገኝ እዚህ ስር ጻፈው። የትኛው መውጫ እንደሚቀርብህ እነግርሃለሁ።