የመዋጮ ሳጥን ለምትይዙ ወጣት ደጋፊዎች

ዕድሜዬን የፈጀሁት በኦዲት ሥራ ነው። ከመሥሪያ ቤት ውጭ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የአንድ ደጋፊ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስላገለገልኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሰው መዝገብ ሲያገላብጥ እንደኖረ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ ከጨዋታ በኋላ ሳንቲም ሲቆጥር እንዳመሸ ደጋፊም ነው። በአካባቢያችሁ ላሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ መነሣታችሁ አስደስቶኛል። ገንዘብ ታጣላችሁ ብዬ አልሰጋም፤ ደጋፊ ስሜቱ ከጋለ ኪሱን አይቆጥርም። የምሰጋው ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ስላለው ሳምንት ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የሚገኘው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የቡፋሎ ቢልስ ኳርተርባክ (ኳሱን ወርዋሪና ጨዋታውን መሪ) የሆነው የጆሽ አለን አያት ባረፉ ጊዜ፣ ደጋፊዎቹ በማሊያው ቁጥር ልክ 17 ዶላር እያደረጉ ለከተማው የሕፃናት ሆስፒታል መስጠት ጀመሩ፤ ድምሩም ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ሚሊዮኑን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን 17ቱ ነው። መጠኑ አስቀድሞ ስለታወቀ ድሃው አላፈረም፣ ሰጪውም «ስንት ልስጥ?» እያለ አላመነታም። እኛ «የአቅማችሁን» እያልን ስንለምን ብዙዎች «በሚቀጥለው» ብለው ያልፉን ነበር፤ የትኬቱን ዋጋ አንድ አራተኛ ብለን ከወሰንን በኋላ ግን የሚያልፈን ሰው ቀነሰ።

በሊቨርፑል ከተማ ደግሞ የኤቨርተንና የሊቨርፑል ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ተባብረው፣ በጨዋታ ቀን ከስታዲየም ውጭ ለችግረኞች የሚታደል ምግብ ማሰባሰብ ጀመሩ። መፈክራቸው ረሃብ የክለብ ቀለም አይለብስም የሚል ነው። በዚህ ውስጥ ፍቅር እንዳለ አውቃለሁ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ እኔ የማየው ቁጥጥሩን ነው። ገንዘብ ስትቆጥሩ የተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊ አጠገባችሁ ከተቀመጠ፣ ከእሱ የበለጠ ኦዲተር ከየትም አታመጡም።

ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከደርቢው በኋላ ሲመሽብን፣ አንድ ባልደረባችን ሳጥኑን ቤቱ ወስዶ አሳደረና በማግስቱ ብቻውን ቆጥሮ አመጣው። አንዲት ሳንቲም እንዳልጎደለች እስከ ዛሬ አምናለሁ፤ ማሳየት ግን አልቻልንም። ሐሜቱ ሳይውል ሳያድር ተዛመተ፣ ሳጥኑም ዓመቱን ሙሉ ከግማሽ በላይ ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቁልፍ የሚገባለት ሳጥን አሠርተን ቁልፎቹን ለሁለት ሰዎች ሰጠን። ቆጠራው እዚያው በሜዳው፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። የብሩ ዓይነትና ብዛቱ በየረድፉ ይጻፋል፣ የተቀደደው ለብቻው ይመዘገባል፣ ሦስት ሰዎች ይፈርማሉ፣ የቅጹም ፎቶ በዚያው ምሽት ለአባላት ይላካል።

ሌላው ነገር፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ ጊዜ ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ኳስና ማሊያ ገዝተን በደስታ ሄድን። ኃላፊዋ አመስግነው ዕቃውን እንድናስቀምጥ መጋዘኑን ከፈቱልን፤ ውስጡ ከእኛ በፊት የመጡ ሁለት ቡድኖች ያመጧቸው ኳሶች ከነመረባቸው ተቆልለዋል። ስንወጣ ቀስ ብዬ ብጠይቃቸው፣ በዚያ ወር ያስጨነቃቸው የሌሊት ተንከባካቢዋ ደመወዝ ነበር። ደመወዝ ፎቶ አያምርበትም፤ ስለዚህ የሚሰጠው አይገኝም። በነገራችን ላይ፣ ሕፃናቱን ማሊያ አልብሳችሁ ከፊታችሁ አሰልፋችሁ ፎቶ መነሣቱንም ተዉት።

ቡድናችሁ በተከታታይ የሚሸነፍበት ወር ይመጣል። ተንከባካቢዋ ግን በዚያም ወር ደመወዟን ትጠብቃለች፤ ስለዚህ በደርቢ ቀን የገባውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትስጡ፣ ለክፉ ወር የሚሆን ቀንሳችሁ አስቀምጡ፣ ምን ያህል እንደተቀመጠም ጻፉ። እኛ በሜዳችን 4 ለ 0 በተሸነፍንበት ምሽት ከሳጥኑ የወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ አንዱ ልጅ ቅጹን ለአባላት ባንልክስ ብሎ ነበር። ላክነው። ያ ቅጽ እስካሁን ከእኔ ዘንድ አለ፤ ሦስተኛው ፊርማ በዚያ ምሽት ያሸነፈን ክለብ ደጋፊ ነው።