«እቅፍ ይለምድባታል» ይሉኛል

ጥያቄ

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ወር ሆኗታል። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሥራ ገባሁ፤ ቀን ቀን እናቴ ትይዛታለች። ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሳ ገና ማልቀስ ትጀምራለች። ማታ ስገባ ደግሞ አንገቴ ላይ ጥምጥም ትላለች። አማቴ «ባለቀሰች ቁጥር አታንሺያት፣ እቅፍ ይለምድባታል» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት እሳቸውን ሰምቼ አልጋዋ ላይ ተውኳት። እኔም በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ያን ቀን የጎዳኋት ይመስለኛል። ሥራዬን ልተው?

የስምንት ወር ሕፃን እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ በአንድ ቀን ለቅሶ ልጅሽ አልተጎዳችም። ትሮኒክ የሚባል ተመራማሪ እናቶችንና ሕፃናትን በቪዲዮ ሲያጠና፣ የሚዋደዱትም ብዙ ጊዜ ሳይግባቡ እንደሚያልፉ አይቷል። ቁም ነገሩ ተመልሶ መገጣጠሙ ነው። አንቺም ኋላ አንስተሻታል፣ አይደል?

የጠዋቱ ለቅሶ አያስደንግጥሽ። በዚህ ዕድሜ ሕፃን እናቱን ለይቶ ያውቃል፣ ስትሄድበትም ይከፋዋል። ይልቅ የማታውን እይ። እቅፍሽ ውስጥ ተረጋግታ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች? ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ የሕፃናትን ቁርኝት፣ ማለትም ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ትስስር፣ ስትመረምር አጥብቃ ያየችው ይህንኑ ነው፤ እናት ስትመለስ ልጁ የሚያደርገውን።

አይንስዎርዝ መጀመሪያ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ ኋላም አሜሪካ ባልቲሞር በ26 ቤቶች እየተመላለሰች እናቶችንና ሕፃናትን ተመልክታለች። በባልቲሞሩ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል የሚያለቅሱት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። አማትሽ ከፈሩት ተቃራኒው ማለት ነው።

መድረስ ማለት ግን ማንሳት ብቻ አይደለም። ርቧት ነው? እንቅልፍ ነው? እያጫወትሻት ፊቷን ካዞረች በቃኝ ማለቷ ነው፤ ትንሽ ተዪያት። እነዚህን የልጇን ምልክቶች የምታስተውል እናት ቀኑን ሙሉ ቤት ባትውልም ልጇ ትተማመንባታለች። ደግሞ ሁሉም ነገር በእናት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በርካታ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የእናት ምላሽ ከልጁ ቁርኝት ጋር ያለው ዝምድና እውነተኛ ግን መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ በጸጸት ብቻ ሥራ አትልቀቂ። ልጅሽ እናትሽንም መውደድ ትችላለች፤ ያ ከአንቺ አይቀንስም። ጠዋት ተደብቀሽ አትውጪ፣ ስመሻት ውጪ። ማታ ስትገቢ ስልክሽን አስቀምጪና መጀመሪያ እሷን ያዣት። ለቅሶው አንቺን በየቀኑ የሚጥልሽ ከሆነ ግን ለሐኪም ንገሪ፣ ብቻሽን አትቻይው። አማትሽ ሲመጡ ደግሞ ሕፃኗን ስጫቸው፣ እሹሩሩ ይበሉላት።